ባለ 6 ቮልት ቮልስዋገን ከነድሮ ራዲዮው፦ ፊቱን ሳይነኩ ከስልክ ሙዚቃ ማጫወት

ቮልስ63
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1963 ቮልስዋገን ነው፤ 6 ቮልት፣ ኔጌቲቩ ቦዲው ላይ የታሰረ። ራዲዮው የዘመኑ ነው፤ ባለ ትራንዚስተር፣ ሁለት መዞሪያ፣ አምስት ተጫኝ ቁልፍ፣ ኤኤምና ኤፍኤም፣ አንድ ስፒከር። ይሠራል። የምፈልገው በብሉቱዝ ከስልክ ሙዚቃ ማጫወት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም ቀዳዳ አይጨመርም፤ የሚሠራው ሁሉ ነገ ተነቅሎ እንደነበረ መመለስ አለበት። ሦስት መንገድ ይነገራል፦ ኤፍኤም አስተላላፊ፣ ራዲዮው ውስጥ ገመድ ማስገባት፣ ወይም ሌላ አምፕሊፋየር መደበቅ። የትኛው ያዋጣል? ባትሪውስ ይችለዋል?

ካውያ_ያዥ
መጀመሪያ ቴስተር ያዝ።

ቮልቱን ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ 6.3 አካባቢ፣ ሞተሩ ፈጠን ሲል 7 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ማንበብ አለበት። ካላነበበ ዲናሞውና ሬጉላቶሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ይቅደሙ፤ የሙዚቃው ነገር ይቆይ።

ቀጥሎ የራዲዮውን ጎንና ጀርባ እይ። የዚያ ዘመን ብዙ የጀርመን ራዲዮዎች 6 ወይም 12 ቮልት፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ግራውንድ (ቦዲው ላይ የሚታሰረውን የባትሪ ጫፍ) የሚያስመርጥ ተገልባጭ መሰኪያ አላቸው። የአንተው ስለሚሠራ ልክ ላይ ነው ማለት ነው፤ ግን ራዲዮውን ስታወጣና ስትመልስ ሳታውቀው እንዳታዞረው ፎቶ አንሳው። ግራውንዱ ተገልብጦ ኤሌክትሪክ ከገባበት የጀርማኒየም አውትፑት ትራንዚስተሩ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥህም።

መጨረሻ ስፒከሩ። ራዲዮው ጠፍቶ አንዱን ሽቦ ፍታና ኦሙን ለካ። ቴስተሩ የሚያነበው ከተጻፈው ያነሰ ነው፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3.2 እስከ 3.6፣ ባለ 8 ኦም ደግሞ ከ6 እስከ 7 ያሳያል።

ስለ መንገዶቹ፦ ራዲዮው ጤነኛ ከሆነ ውስጡ ገመድ ማስገባት ይሻላል። ድምፁ በራሱ አምፕሊፋየር፣ በራሱ ስፒከር ይወጣል፤ የድምፅና የቃና መዞሪያዎቹም እንደ ድሮው ይሠራሉ። ጉዳቱ ሞኖ መሆኑና ኃይሉ ጥቂት ዋት ብቻ መሆኑ ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ከኋላ እየጮኸ በሰዓት 90 ኪሎሜትር ስትነዳ የስቴሪዮ ነገር ብዙ ትርጉም የለውም ባይ ነኝ።

ቮልስ63
ኤፍኤም አስተላላፊውስ? ምንም የማይፈታ ስለሆነ ነው።

ሞገድ_ቆጣሪ
ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አንደኛ፣ ሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ የሚሰኩት ለ12 እና ለ24 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ 6 ቮልት ላይ ወይ አይነሱም ወይ እየተቆራረጡ ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ የዘመኑ የአውሮፓ ራዲዮዎች የኤፍኤም ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ 100 ወይም 104 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃል። አስተላላፊውን 107 ላይ አድርገህ ራዲዮህ ላይ ብትፈልገው አታገኘውም፤ ከ100 በታች ባዶ ቦታ ያስፈልግሃል፣ እሱ ደግሞ ከከተማ ከተማ ይቀያየራል። ሦስተኛ፣ አሮጌ መቃኛ ሲሞቅ ከጣቢያው ይንሸራተታል። በየአሥር ደቂቃው መዞሪያ እየነካካህ ልትነዳ ነው።

ራዲዮው ኤኤም ብቻ ለሆነበት ሰው ጭራሽ አይሆንም። ለእሱ በአንቴናው መስመር ላይ የሚገባ፣ ድምፁን ወደ ኤኤም ሞገድ የሚቀይር የኤኤም ሞዱሌተር አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ኤኤም ነው፣ ከፍተኛዎቹ ድምፆች ተቆርጠው ነው የሚወጡት።

ካውያ_ያዥ
እንግዲህ ወደ ሥራው። ገመዱ የሚገባው የድምፅ መዞሪያው ላይ ነው። ራዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ክፈትና ከመዞሪያው ጀርባ ያሉትን እግሮች ተመልከት። ሦስት ናቸው። አንደኛው ወደ ግራውንድ ይሄዳል፤ ቴስተሩ ከራዲዮው ቆርቆሮ ጋር ዜሮ ኦም ወይም እጅግ ትንሽ ያሳይሃል። መካከለኛው ተንሸራታቹ ነው፤ ወደ ማጉያው ይሄዳል። ሦስተኛው ከዲቴክተሩ (ድምፁን ከጣቢያው ሞገድ ከሚለየው ክፍል) የሚመጣው ነው፤ የምንሠራው እሱ ላይ ነው። አራተኛ እግር ካየህ ለዝቅተኛ ድምፅ ቃና ማስተካከያ የተሠራ ነው፤ እንዳትነካው። አንዳንዱ መዞሪያ ማብሪያ ማጥፊያውንም ከጀርባው ይዟል፤ የእሱን ሁለት ወፍራም እግሮች ከእነዚህ ጋር እንዳታምታታ።

ሽቦውን ከሦስተኛው እግር በካውያ ፍታው፤ አትቁረጠው። የተፈታውን ጫፍ ወደ ሁለት አቅጣጫ ማብሪያ አንዱ በኩል፣ አዲሱን ግቤት ወደ ሌላው በኩል፣ የማብሪያውን መካከለኛ ደግሞ ወደ እግሩ ውሰድ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሲሰማ ሌላው ዝም ይላል። ያለ ማብሪያ ዝም ብለህ ብትደርበው የራዲዮው ሹሹታ ሙዚቃህ ውስጥ ይገባል።

የግቤቱ አሠራር፦
- ግራና ቀኝ መስመሮች እያንዳንዳቸው በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አልፈው ይገናኛሉ። በቀጥታ ካገናኘሃቸው ሁለቱ ማጉያዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ድምፁ ይዛባል፣ ይሞቃሉም።
- ከመገናኛው እስከ ማብሪያው 1 ማይክሮፋራድ ፖላሪቲ የሌለው ፊልም ካፓሲተር። የብዙ ራዲዮዎች መዞሪያ ላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ስለሚኖር ይሄ ግዴታ ነው። መዞሪያው 10 ኪሎ ኦም ከሆነ 1 ማይክሮፋራድ እስከ 16 ኸርዝ ድረስ ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ ካፓሲተር ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም።
- ገመዱ መረብ ለባሽ ይሁን። መረቡን የምታስረው የመዞሪያው ግራውንድ እግር ላይ ነው፤ ያገኘኸው ቆርቆሮ ላይ አይደለም። አምስት ሳንቲሜትር ርቀት እንኳ ጉምጉምታ ሊያመጣ ይችላል።

የካውያው ጫፍ እግሩ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ አይቆይ። የዚያ ዘመን ባኬላይት ሰሌዳ ከሞቀ እግሩ ይላላና መዞሪያው ለዘላለም ይንጫጫል።

ሞገድ_ቆጣሪ
ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ የብሉቱዝ ሰሌዳው ኤሌክትሪክ ላይ።

ሰሌዳው 5 ቮልት ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ኤልኤም2596 በሚባል ቺፕ የተሠራ ትንሽ የቮልት ማውረጃ ይበቃል። አንተ ጋ አይሠራም፤ ያ ማውረጃ 5 ቮልት ለመስጠት ቢያንስ 7 ቮልት ገደማ መቀበል አለበት። ባትሪህ 6.3 ነው፤ ሞተር ስታስነሳ ደግሞ ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የሚገዛው ከፍም ዝቅም የሚያደርግ ኮንቨርተር ነው፤ መቀበያው ከ3 ወይም ከ4 ቮልት የሚጀምር። ካልሆነ ማስነሻውን በነካህ ቁጥር ብሉቱዙ ይጠፋና እንደገና «ተገናኝቷል» እያለ ይጮኻል።

ከዚያ በኋላ አንድ ተጨማሪ ዕቃ አለ፦ ቢ0505ኤስ የሚባል ከጥፍር ብዙ የማይተልቅ፣ 5 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት የሚሰጥ፣ 1 ዋት፣ ግቤቱና ውጤቱ በኤሌክትሪክ የማይገናኙ ኮንቨርተር። ለምን? ብሉቱዙ መረጃ በተቀበለ ቁጥር የሚስበው ኤሌክትሪክ ይዘላል፤ ያ ዝላይ በድምፁ ግራውንድ በኩል ከተመለሰ «ጢጢጢ» የሚል ጩኸት ይሆናል። ግራውንዱ ሲለያይ ጩኸቱ ይጠፋል። ካፓሲተር በላይ በላይ መደርደር አያጠፋውም፤ ብዙ ሰው ግን ሲደረድር ይውላል።

አቀማመጡ ላይም ሁለት ነገር። ብሉቱዙን የራዲዮው ቆርቆሮ ውስጥ አትቅበረው፤ ብረት ሞገዱን ይዘጋዋል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ በፕላስቲክ ሳጥን ይንጠልጠል። ኮንቨርተሩን ግን በተቃራኒው በቆርቆሮ ሳጥን ዝጋው፣ ቆርቆሮውንም ግራውንድ አድርገው፤ በመቶ ሺዎች ኸርዝ ስለሚቀያይር ርጭቱ የኤኤም ባንድን ያጥለቀልቀዋል።

ከሁሉ የሚያስደስተው መፍትሔ ይሄ ነው፦ ማብሪያው ባለ ሁለት ረድፍ ይሁን። አንዱ ረድፍ ድምፁን ይምረጥ፣ ሌላው ረድፍ የኮንቨርተሩን ኤሌክትሪክ ይቁረጥ። ራዲዮ ስትሰማ አዲሱ ዕቃ በሙሉ ሞቷል፤ ኤኤሙ እንደ 1963 ንጹሕ ነው። ማብሪያው ከዳሽቦርዱ ሥር ባለ ነባር ብሎን በሚያዝ ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ይቀመጣል።

ሞሪስ_ሺ
ክሩን ሳልጠልፍ ልጠይቅ። የእኔው ሞሪስ ማይነር ነው፤ 12 ቮልት፣ ግን ፖዘቲቭ ግራውንድ፣ ራዲዮው ባለ ቫልቭ (ከትራንዚስተር በፊት የነበረው የመስታወት ቱቦ)። የካውያ_ያዥ አሠራር ይሆነኛል?

ካውያ_ያዥ
ይሆናል፣ ግን ሁለት ቦታ ላይ ጠንቀቅ።

ፖዘቲቭ ግራውንድ ማለት የመኪናው ብረት በሙሉ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። ዘመናዊ ዕቃ ሁሉ የተሠራው በተቃራኒው ነው። የቻርጀር መሰኪያ ብትገጥም የውጭው ቀለበት ፖዘቲቭ፣ የመካከሉ ጫፍ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ቻርጀሩ ተገልብጦ ይገባል። ቻርጀሩን በትክክል ገልብጠህ ብታስረው ደግሞ የእሱ ግራውንድ የባትሪው ኔጌቲቭ ይሆናል። ከዚያ ስልኩን ቻርጅ እያደረግክ በገመድ ከራዲዮው ጋር ስታገናኘው የባትሪው ሁለት ጫፎች በዚያች ቀጭን የድምፅ ገመድ መረብ በኩል ይገናኛሉ። ገመዱ ይጨሳል፤ ዕድለኛ ከሆንክ ስልኩ ይተርፋል። መፍትሔው ሞገድ_ቆጣሪ ያለው የተለያየ ግራውንድ ነው፤ ለአንተ የጩኸት ጉዳይ ሳይሆን የደኅንነት ነው። ባለ 12 ቮልት የሚቀበለው ዓይነት አለ፤ ፖዘቲቩን ቦዲ ላይ፣ ኔጌቲቩን በፊውዝ አድርገህ ከባትሪው መስመር ላይ እሰረው፤ ውጤቱ ላይ ያለው 5 ቮልት ከመኪናው ነፃ ስለሆነ የድምፁን ግራውንድ ከራዲዮው ቆርቆሮ ጋር ማሰር ትችላለህ።

ሁለተኛው ቫልቩ ነው። ውስጡ 12 ቮልት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ቫይብሬተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ በፍጥነት የሚቆራርጠው) እና ትራንስፎርመሩ ወደ 200 ቮልትና ከዚያ በላይ ያወጡታል፤ ካጠፋኸውም በኋላ ካፓሲተሮቹ ይዘው ይቆያሉ። በ10 ኪሎ ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር፣ ሽፋን ባለው መቆንጠጫ ይዘህ አውርደውና ከ10 ቮልት በታች መሆኑን በቴስተር አይተህ ንካ። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን።

የቫልቭ ራዲዮ መዞሪያ ብዙውን ጊዜ ከ500 ኪሎ ኦም እስከ 1 ሜጋ ኦም ስለሆነ 0.1 ማይክሮፋራድ ይበቃል፤ ግን ባለ 400 ቮልት ይሁን። ብሉቱዝ ከማሰብህ በፊት ደግሞ ሁለት ካፓሲተሮች ቀይር። አንደኛው ከትራንስፎርመሩ ሁለተኛ ጥቅል ላይ የተቀመጠው ነው፤ ባለ 1600 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት። እሱ ከተበሳ ቫይብሬተሩንና ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። በላዩ የተጻፈውን መጠን አትለውጥ፤ ከትራንስፎርመሩ ጋር ተለክቶ ነው የተመረጠው። ሌላው የአውትፑት ቫልቩ ግሪድ (የድምፁ መግቢያ) ጋ የሚደርሰው የወረቀት ካፓሲተር ነው፤ ሲያሾልክ ቫልቩ ከመጠን በላይ ይስባል፣ ትራንስፎርመሩ ይሞቃል፣ ድምፁ ይሻክራል።

የቫልቭ ራዲዮን ስፒከሩን ፈትተህ አታብራው። ጭነት የሌለው የአውትፑት ትራንስፎርመር ላይ የሚነሳው ቮልቴጅ መከለያውን ሊበሳ ይችላል።

ደረቅ_ፊውዝ
ሁላችሁም ራዲዮውን ለማዳን ትደክማላችሁ። የውስጥ ዕቃውን አውጥቶ ዘመናዊ ሰሌዳ ማስገባት፣ መዞሪያዎቹን በእሱ ላይ ማሰር፣ በቃ። 4 ጊዜ 45 ዋት፣ ብሉቱዝ፣ ሁሉ ነገር።

ሞገድ_ቆጣሪ
45 ዋቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው። 14.4 ቮልት ላይ፣ 4 ኦም ስፒከር ሆኖ፣ ከእንዲህ ያለ ሰሌዳ የሚወጣው እውነተኛ ኃይል ከ18 እስከ 20 ዋት ነው፤ ቀሪው ካርቶኑ ላይ ነው። 6 ቮልት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም።

የሞተ ራዲዮ ከሆነ አልቃወምም። የሚሠራ ራዲዮን አንጀቱን ማውጣት ግን አይመለስም። ያ ሐሳብ ከጣመህ የተበላሸ ተመሳሳይ ሞዴል ፈልግና እሱን ቀይረው፤ ጤነኛውን በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥ።

እንዲህ ስትሠራ ስፒከሩ ላይ ተጠንቀቅ። ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ መመለሻው ቦዲው ነው። የዘመናዊ ሰሌዳ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ግን ኤሌክትሪክ ያለባቸው ናቸው፤ አንዱን ቦዲ ላይ ካሰርከው ማጉያው ይዘጋል ወይም ይቃጠላል። ሁለት ሽቦ ጎትት።

ደረቅ_ፊውዝ
የተበላሸ ሞዴል መፈለጉ ልክ ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። ግን ለቮልስ63 ሁለት ትንንሽ ስፒከርና የተደበቀ አምፕሊፋየር መጨመር ይከለከላል?

ካውያ_ያዥ
አይከለከልም፤ ሂሳቡ ግን ይቅደም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

የዚያ ቮልስ ዲናሞ 180 ዋት ነው፤ በ6 ቮልት 30 አምፔር። እሱም ሞተሩ ሲሮጥ ነው፤ መብራት ላይ ቆመህ ሳለ ምንም አይሞላም ማለት ይቻላል። ማታ ሁለት ባለ 45 ዋት የፊት መብራቶች ብቻ 15 አምፔር ይወስዳሉ። የማቀጣጠያ ቦቢናው ወደ 4፣ የኋላ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ሲግናል ጨምርበት። በምሽት ዝናብ የሚተርፍህ በጣት የሚቆጠር አምፔር ነው።

2 ጊዜ 10 ዋት የሚሰጥ ትንሽ ዲጂታል አምፕሊፋየር ሙሉ ድምፅ ላይ 25 ዋት ገደማ ይስባል። ከ6 ወደ 12 የሚያወጣው ኮንቨርተር 85 በመቶ ቢሠራ ከባትሪው የሚወጣው 4.7 አምፔር ነው፤ ሙዚቃ ከፍና ዝቅ ስለሚል አማካዩ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ያ ይቻላል። 4 ጊዜ 20 ዋት ግን አይቻልም፤ አትሞክረው።

ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ፊውዙ 7.5 አምፔር፣ ከባትሪው ከ45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ። 6 ቮልት ላይ ቀጭን ሽቦ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ ለተመሳሳይ ዋት አምፔሩ እጥፍ ነው፣ በሽቦው ላይ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ደግሞ ከ12 ሳይሆን ከ6 ላይ ነው የሚቀነሰው። በቁልፍ የሚነሳ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ) ከጨመርክ የ6 ቮልቱን ግዛ፤ የ12ቱ አይስብም።

ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ አምፕሊፋየሩን እዚያ ማስቀመጥ ያምራል። የባትሪው መሸፈኛ ከሌለ ግን አትጀምር። የወንበሩ ብረት ስፕሪንግ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ሊነካ ይችላል፤ ስፕሪንጉ ላይ ያለው ደግሞ በቀላሉ የሚነድ የወንበር ሙሌት ነው። አዲሱን ዕቃም ከስፕሪንጉ ሥር ሳይሆን በጎን በኩል፣ ወለሉ ላይ እሰረው።

ስፒከሮቹ በትንሽ የእንጨት ሳጥን ከእግር ማሳረፊያው ጎን ይቀመጡ፤ የበሩን ለበስ አትቅደድ።

ክሮም_ወዳድ
ለአሜሪካ መኪና ባለቤቶች አንድ ማሳሰቢያ፦ የ1960ዎቹ ዴልኮ ትራንዚስተር ራዲዮዎች የሚፈልጉት 10 ኦም ስፒከር ነው። 4 ኦም ስትገጥምበት አውትፑት ትራንዚስተሩ ከሚችለው በላይ ይጫናል። የድሮው ወረቀት ስፒከር ከተቀደደ 10 ኦም ፈልግ፤ ካጣህ ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ 2 ኦም ባለ 10 ዋት ሬዚስተር በተከታታይ ጨምር። ባለ ሁለት ጥቅል ስፒከር ዳሽቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ ጥሩ ነው፤ ግራ ቻናል በአንዱ፣ ቀኝ በሌላው ይገባል። እሱ ግን ለአዲስ አምፕሊፋየር ነው፤ ለነባሩ ራዲዮ አይደለም።

ሞገድ_ቆጣሪ
ቮልስ63 ሠርተህ ስትጨርስ ጩኸት ሊተርፍህ ስለሚችል ቀድሜ ልበል። ጆሮህ ይለየዋል። ጋዝ ስትረግጥ ፉጨቱ አብሮ የሚወጣ ከሆነ ዲናሞው ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚፈጥን «ጠቅ ጠቅ» ከሆነ ካንዴላና ቦቢና ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ካለ የራስህ አዲሱ ዕቃ ነው።

ለዲናሞው 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በዋናው ውጤት ጫፍና በቦዲው መካከል። በፊልድ ጫፉ (የዲናሞውን ማግኔት በሚመግበው) ላይ ግን በጭራሽ አታስር፤ የሬጉላቶሩን ነጥቦች ያቃጥላቸዋል። ለቦቢናው 0.5 ማይክሮፋራድ፣ ቁጥር 15 በተጻፈበት ጫፍ ላይ። ቁጥር 1 ላይ ካሰርከው የፑንቲናውን (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠውን) ኮንደንሰር ሥራ ያበላሻል፤ ሞተሩ ይንተባተባል። ካንዴላዎቹ ላይ 5 ኪሎ ኦም ያላቸው ቆቦች ይግቡ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ኤኤሙ ከተንጫጫ አንቴናውን ፍታ፤ ከእግሩ ሥር ያለውን ቀለምና ዝገት ልጠህ መልሰህ እሰር። ገመዱን በተገኘው ኮአክሲያል አትቀይረው፤ የአሮጌው የመኪና አንቴና ገመድ ካፓሲታንሱ ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ነው፤ በሌላ ከተቀየረ ጣቢያዎቹ ይደክማሉ። ራዲዮውን መልሰህ ስትገጥም ወደ 1400 ኪሎኸርዝ አካባቢ ደካማ ጣቢያ ያዝና ከአንቴናው መግቢያ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በቀስታ አዙር፤ ድምፁ ከፍ የሚልበት ላይ ተዋት።

ቮልስ63
አመሰግናለሁ። ልኬቱ፦ ባትሪው 6.4፣ ሞተሩ ሲፈጥን 7.1፤ ስፒከሩ 3.5 ኦም፤ መዞሪያው 50 ኪሎ ኦም። ግቤቱን በሞገድ_ቆጣሪ ባለ ሁለት ረድፍ ማብሪያ ሠራሁት፤ ጩኸት የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ በብሉቱዝ ሲሆን መዞሪያው ሩብ ሳይዞር ድምፁ ይሞላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። በራዲዮ ግን ልክ ነው።

ካውያ_ያዥ
ብሉቱዙ የሚሰጠው ወደ 1 ቮልት ነው፤ ዲቴክተርህ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ። ሁለቱ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከሚገናኙበት በኋላ፣ ከካፓሲተሩ በፊት፣ 10 ኪሎ ኦም በተከታታይ አስገባ፤ ከእሱ መውጫ ላይ ደግሞ 2.2 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ። ድምፁ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። የራዲዮውና የብሉቱዙ ድምፅ በአንድ የመዞሪያ ቦታ ላይ እኩል እስኪሰማህ ድረስ 2.2ቱን በ1.5 ወይም በ3.3 ቀያይረህ ሞክር። የስልኩን ድምፅ ከሙሉው ትንሽ ዝቅ አድርገህ ተወው፣ ከዚያ በኋላ በራዲዮው መዞሪያ ብቻ ተጠቀም።

ቮልስ63
በ1.5 ተስተካከለ። የተፈታውን ሽቦና የመዞሪያውን የድሮ ፎቶ ከራዲዮው ክዳን ውስጥ በወረቀት ለጥፌዋለሁ።